ሳቲን ቀለም በድሬ ሙቀት፦ የቤት ውስጥ በር፣ መስኮትና ብረት አቀባብ

የቤት ግድግዳ ሲያረጅ መጋረጃ ይሸፍነዋል፣ ቁም ሳጥን ይሸፍነዋል። በርን ግን የሚሸፍነው የለም። ቀኑን ሙሉ ይገፋል፣ ይሳባል፣ በመጥረጊያ ይመታል። ልጆች ማንጎ የበሉበትን እጅ ይጠርጉበታል። የመስኮት ፍርግርግና የብረት በርም ያው ነው፤ እነሱ ላይ ደግሞ ዝገት ይጨመራል።

ስለዚህ ለበር፣ ለመቃን፣ ለመስኮት ክንፍና ለብረት የግድግዳ ቀለም አይሆንም። ጠንከር ያለ፣ በእርጥብ ጨርቅ ቢታሽ የማይለቅ ቀለም ያስፈልጋል። ብዙ ቤት ይህን ሥራ የሚሠራው አንጸባራቂው ሲንቴቲክ (የዘይት ቀለም) ነው። እኔ ግን ለቤት ውስጥ ሳቲን እመርጣለሁ። እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚቀባ ከነምክንያቱ ልንገራችሁ። የምጽፈው ለድሬዳዋ መሆኑን ልብ በሉ። ጣሳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ የእኛን ግንቦት አያውቅም። እዚህ ሳቲን የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ደግሞ የቀለሙ ጥራት ሳይሆን የተቀባበት ሰዓት ነው።

ሳቲን ሲባል

ሳቲን ማለት መካከለኛ ወዝ ያለው ቀለም ነው። ጨርሶ ደብዛዛ አይደለም፤ እንደ ሙሉ ግሎስም አያበራም። የቀለም ባለሙያዎች ወዝን በመሣሪያ ይለካሉ። ብርሃን በ60 ዲግሪ ማዕዘን ይወረወርና ምን ያህሉ እንደተመለሰ ይታያል። ግሎስ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 በላይ ያወጣል። ሳቲን ግን እንደ አምራቹ ከ20 እስከ 40 ባለው አካባቢ ይውላል።

ይህ ቁጥር ቤት ውስጥ ትርጉም አለው። ግሎስ ጉድለት አይደብቅም። አናጢው በመዶሻ የሳተው ቦታ፣ በያጁ ያልሞረደው ጉብታ፣ የድሮ ቀለም ጠባሳ፣ ሁሉንም ያወጣዋል። በተለይ የድሬ ፀሐይ በመስኮት ገብታ በሩ ላይ ስታርፍ ጉድ ይታያል። ማት፣ ማለትም ጨርሶ ደብዛዛው፣ ደግሞ ጉድለት ይደብቃል፣ ግን የእጅ ወዝ ይይዛል፣ ሲታጠብም ይላጣል። ሳቲን በሁለቱ መካከል ነው። ሲታጠብ አይለቅም፣ ጉድለትንም ይቅር ይላል።

ወዙ የሚቀንሰው ቀለሙ ውስጥ በሚጨመር ማደብዘዣ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ጣሳው ሲቀመጥ ይዘቅጣል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ስትገዙ

ጣሳው ላይ «ሳቲን» የሚል ካላገኛችሁ «ሴሚ ግሎስ» የሚል ታገኙ ይሆናል። ሴሚ ግሎስ ከሳቲን ትንሽ ይበልጥ ያበራል። ሁለቱም ለበር ይሆናሉ፤ ልዩነቱን አውቃችሁ ግዙ እንጂ። ሻጩ «ያው ነው» ካላችሁ ካርቶን ላይ ትንሽ አስቀቡና እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥብ ቀለም ሁሉ ያበራል። እርጥቡን አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የውሃ ነው የዘይት?» የሚለው ነው። ሳቲን በሁለቱም ዓይነት ይሠራል።

የውሃው በፍጥነት ይደርቃል። በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ሲነኩት አይይዝም። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁለተኛ እጅ መቀባት ይቻላል። ሽታው ቀላል ነው። ነጭ ከሆነም ነጭ ሆኖ ይቆያል።

የዘይቱ ቀስ ብሎ ይደርቃል። የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሆነ በሁለት እጅ መካከል ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋል። የብሩሽ መስመሩን ራሱ ያስተካክላል፤ ሲጠነክርም ለምት የሚበገር አይደለም። ትልቁ ጉዱ ቢጫ መሆኑ ነው። ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። መጋረጃ ጀርባ ያለ መቃን፣ የቁም ሳጥን ውስጥ፣ ጨለምለም ያለ ኮሪደር በዘይት ነጭ ከተቀባ ከጊዜ በኋላ የቅቤ መልክ ይይዛል። ድሬ ደግሞ ሙቀትን ለመከላከል መስኮት ዘግተን በጨለማ የምንውል ሰዎች ነን።

የእኔ ፍርድ ይኸውላችሁ። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም የሚቀባ የውስጥ እንጨት ከሆነ የውሃ ሳቲን ግዙ። ብዙ የሚመታ የላሜራ በርና የመስኮት ፍርግርግ ከሆነ፣ ቀለሙም ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ፣ የዘይቱ ይሻላል። ቢጫነቱ እዚያ አይታይም። ዚንክ የተነከረ ብረት ከሆነ ግን ቆም በሉ፤ እሱ ለብቻው ነው፣ ከታች አለ።

ሌላም የምታዩት አለ። የጣሳውን የምርት ቀን አንብቡ። የውሃ ቀለም ክዳኑ ካበጠ ወይም ሲከፈት ከገማ ተበላሽቷል፤ አትውሰዱት። ኢትዮጵያ ውስጥ ቀለም ሊይዝ የሚችለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኗል። ስለዚህ መለያ የሌለው፣ ተገልብጦ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ቀለም ርካሽ ቢሆንም ለልጆች ክፍል አይሆንም።

ስንት ይበቃል? አንድ መደበኛ በር 2.10 በ0.90 ሜትር ነው። በሁለት ጎኑ ወደ 3.8 ካሬ ሜትር ይመጣል። መቃኑንና ጠርዙን ጨምሩና 5 ካሬ በሉት። ለስላሳ ቦታ ላይ አንድ ሊትር ወደ 12 ካሬ ይሸፍናል። ሁለት እጅ ሲቀባ ለአንድ በር አንድ ሊትር ገደማ በቂ ነው። አንድ ጋሎን አራት በር ያወጣል ማለት ነው። ለፍርግርግ ሂሳቡ አይሠራም፤ ብዙው በብሩሽ ላይና መሬት ላይ ስለሚቀር ጨመር አድርጉ።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ምረጡ

ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ፀሐይ የሚመታው የላሜራ በር ደግሞ ከአየሩ እጅግ ይብሳል።

ሙቀቱ ቀለሙ ላይ ምን ያደርጋል? የውሃ ሳቲን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች አሉ። ውሃው ቀስ እያለ ሲሄድ እነዚህ ተጠጋግተው አንድ ወጥ ሽፋን ይሆናሉ። ውሃው በአንዴ ከተነነ ለመዋሃድ ጊዜ አያገኙም። የብሩሽ መስመር እንዳለ ይደርቃል። ትናንሽ ጥርሶች መስሎ ይቀራል። አንዱን ክፍል ቀብታችሁ ቀጣዩን ስትጀምሩ ጠርዙ ደርቆ ይጠብቃችኋል፤ የተደረበበት ቦታ ከሌላው ይበልጥ ያበራል። የዘይቱ ደግሞ በላይ በኩል ቆዳ ያወጣል፣ ከሥሩ ግን ለስላሳ ነው። ከዚያ ይጨማደዳል።

ግሎስ ሲቀባ ይህ መንጠባጠብ ወይም መስመር ሆኖ ይታያል። ሳቲን ላይ ግን ወዙ ራሱ ይበጣጠሳል፤ አንዱ ቦታ ያበራል፣ ጎኑ ይደበዝዛል። «ቀለሙ አርቲፊሻል ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቀለሙ ምንም አላደረገም። በቀትር ተቀብቶ ነው።

ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሩና በ4 ሰዓት ብሩሹን አስቀምጡ። ሁለተኛው ዕድል ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የማጠቢያ፣ የመፋቂያና የመሞረጃ ጊዜ ነው። ቀለም ቀቢ የቀጠራችሁ ከሆነም ከመጀመሪያው በዚህ ተስማሙ። እንደሚታወቀው ከ8 ሰዓት በኋላ በርጫ (የጫት ሰዓት) አለ፤ ከበርጫ በፊት ልጨርስ ብሎ 6 ሰዓት ላይ የሚጣደፍ ሰው ነው ሥራውን የሚያበላሸው። ቀደም ብሎ ጀምሮ ቀደም ብሎ ቢያቆም ለእሱም ለበሩም ይሻላል።

ብረት ከሆነ የእጃችሁን ጀርባ ለጥፋችሁ ሞክሩ። ሳትመነጭቁ መያዝ ካልቻላችሁ ገና ነው።

ቬንትሌተሩን አጥፉ። አዎ፣ ይሞቃል። ግን ቬንትሌተር ሁለት ክፉ ነገር ያደርጋል፤ ቀለሙን ከመጠን በላይ ያፈጥነዋል፣ ከጣሪያና ከመጋረጃ ላይ አቧራ እያራገፈ በእርጥቡ ላይ ይለጥፋል። በምትኩ ንፋስ በማይመጣበት በኩል ያለውን መስኮት ክፈቱ። ወለሉ ላይ ቀለል አድርጋችሁ ውሃ ርጩ፤ አቧራው ይተኛል።

ሐረር ለምትኖሩ ነገሩ ይለያል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ መቀባት ትችላላችሁ። የእናንተ ችግር ክረምት ነው። በእርጥብ አየር የዘይት ቀለም ይዘገያልና በሁለት እጅ መካከል አንድ ቀን ሙሉ ስጡት። ከረመዳን በፊት ጌይ ጋሩን (የሐረሪውን ባህላዊ ቤት) የምታድሱ እናቶችና እህቶችም፣ ነደባውን (መደቡን)ና ግድግዳውን እንደ ልማዳችሁ አድርጉት፤ ሳቲን ለእንጨት በሩና ለመደርደሪያው ነው።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ እጠቡ፣ ቀጥሎ ፈትጉ

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። እኛ ጋ ቤት ውስጥ ዕጣን ይጨሳል፣ ከሰል ይነዳል፣ ቡና ይቆላል። ይህ ሁሉ በር ላይ ቅባትነት ያለው ስስ ጥቀርሻ ይተዋል። የወጥ ቤት በር ከሆነ ዘይትም አለበት። ሳታጥቡ በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትጉት ቅባቱን ወደ እንጨቱ ታሹታላችሁ። ቀለሙ ደግሞ ቅባት ላይ አይይዝም። ሲቀባ እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል።

ለብ ባለ ውሃ ኦሞ በጥብጡ፣ በስፖንጅ እሹ። በተለይ እጀታው ዙሪያና በእጅ የሚገፋበት ቦታ ላይ ጊዜ ስጡ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለቴ አለቅልቁ። የድሬ ውሃ ጨዋማና ኖራማ መሆኑን የሻይ ጀበናችሁ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ይመሰክራል። በሩ ላይ እንዲሁ ከደረቀ ያን ነጭ ዱቄት ይተዋል። ስለዚህ ሳይደርቅ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

አሮጌው ቀለም ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮል ጨርቅ ነክራችሁ አንድ ቦታ ላይ ደህና አድርጋችሁ እሹ። ቀለሙ ከለሰለሰና ጨርቁ ላይ ከወጣ የውሃ ቀለም ነው። ካልሆነ የዘይት ነው። በዘይት ቀለም ላይ የውሃ ሳቲን መቀባት ይቻላል፤ ነገር ግን የድሮው ወዝ እስኪጠፋ ተፈትጎ ፕራይመር (ከሥር የሚቀባ ማያያዣ ቀለም) ካልተቀባ ጥቂት ወር ቆይቶ እንደ ቆዳ ይላጣል።

ከመፈተግ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ምድር ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚራ ሰፈር ያሉ የቆዩ ቤቶች በርና መስኮታቸው ላይ ስንት እጅ ቀለም እንደተደራረበ ፈጣሪ ይወቀው። በዚያ ዘመን የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ መጨመር የተለመደ ነበር። እርሳስ ደግሞ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። እንዲህ ያለ ቤት ከሆነ በደረቁ አትፈትጉ፣ በማሽንም አትሞርዱ፣ በእሳትም አታቃጥሉ። በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ገዝታችሁ እያራሳችሁ ፈትጉ፣ ዝቃጩን በጨርቅ ሰብስባችሁ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። ሥራው እስኪያልቅ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት ከቤቱ ይራቁ። ጭንብል አድርጉ። ድርርቡ በጣም ወፍራም ሆኖ በሩ አልዘጋ ያለ እንደሆነም ጠርዙን በዚሁ መንገድ አሳንሱት።

ደረጃ 3፦ እንጨት

አዲስ እንጨት ከሆነ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ180 ጨርሱ። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። አሮጌ ቀለም ላይ ከሆነ 180 ይበቃል፤ ዓላማው መንቀል ሳይሆን ወዙን ማጥፋት ነው። የተላጠ ቦታ ካለ ጠርዙን አለስልሱት፣ ጉድጓድ ካለ በእንጨት ስቱኮ ሙሉት፣ ሲደርቅ ፈትጉት።

ጽድና ከውጭ የሚመጣ ጣውላ አንጓው ውስጥ ሙጫ አላቸው። በሙቀታችን ሙጫው ይቀልጥና ከነጩ ቀለም ሥር ቡናማ ክብ ሆኖ ብቅ ይላል። ሁለት እጅ ብትቀቡ፣ አራት እጅ ብትቀቡ ይወጣል። መድኃኒቱ አንጓውን ብቻ በሼላክ ማሸግ ነው። የቆዩ አናጢዎች ጎማላካ ሲሉት ትሰማላችሁ። ሁለቴ ነካ ነካ አድርጉት፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ፕራይመር።

ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ከሆነ የተቆረጠው ጠርዙ ቀለም ይጠጣል። ለጠርዙ ሁለት እጅ ፕራይመር ስጡ። የበሩን የላይና የታች ጠርዝም እንዳትረሱ። ማንም አያየውም ብለው ይተዉታል፤ ወለል በየቀኑ በውሃ በሚታጠብበት ቤት ግን እንጨቱ ውሃ የሚጠጣው በታች ነው።

ደረጃ 4፦ ብረት

አንድ የላሜራ በር ተንበርክካችሁ እዩት። ከታች፣ ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ ላሜራው የታጠፈበት ቦታ አለ። ቀለሙ እዚያ ጋ ያብጣል። በጥፍር ስትነኩት ይፈነዳና ብርቱካናማ ዱቄት ይወርዳል። ወለል ሲታጠብ ውሃው እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ቀለሙ ከላይ ቢያምርም ብረቱ ከውስጥ እየተበላ ነው። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን አያቆምም፤ አብሮት ይወድቃል።

ያበጠውን ሁሉ በስፓቱላ አንሱ። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በ80 ቁጥር ወረቀት፣ ብረቱ ግራጫ ሆኖ እስኪታይ ፈትጉ። የብየዳ ፍንጣሪዎችን ሞርዱ፤ ሹል ጫፍ ላይ ቀለም ስለማይቆይ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። በቲነር በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ። ከጠረጋችሁ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ላብ ጨው አለው።

አንቲረስቱን (የዝገት መከላከያውን ቀለም) በዚያው ቀን ቀቡ። በማግስቱ አይደለም። በበጋ የድሬ አየር ደረቅ ነውና ትንሽ ይታገሳል፤ በክረምትና ሐረር ላይ ግን ባዶ ብረት አድሮ ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እጥፋቱን፣ ማጠፊያውን ዙሪያና የብየዳውን መስመር በትንሽ ብሩሽ አስቀድማችሁ ቀቡ፤ ቀጥሎ ሙሉውን። የውሃ ሳቲን በቀጥታ በባዶ ብረት ላይ በፍጹም አይቀባም፤ ገና ሳይደርቅ የዝገት ነጠብጣብ ያወጣል። አንቲረስት ደግሞ ራሱ የመጨረሻ ቀለም አይደለም። በሩን ቀዩን አንቲረስት ቀብተው «ገንዘብ ሲገኝ እንጨርሰዋለን» ብለው ዓመት የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። እርጥበት ያሳልፋልና በሳምንት ውስጥ ከላዩ ቀለሙን አልብሱት።

ስለ ዚንክ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። አንዳንድ ቱቦና ላሜራ ብርማ ነው፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የተሰባበረ መስታወት የመሰለ ንድፍ ይታይበታል። ይህ ዚንክ የተነከረ ብረት ነው። ዘይት ነክ ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ከተቀባ ዘይቱ ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ ሳሙና ይሠራል። ቃል በቃል ሳሙና። መጀመሪያ ያምራል፣ ከወራት በኋላ ግን በትልልቅ ቁራጭ ይነሳል፤ ሥሩ ያለው ብረት እንደ አዲስ ያበራል። ብዙ ሰው በያጁን ወይም ቀለም ሻጩን ይወቅሳል። መፍትሔው በኦሞ አጥቦ፣ በቀጭን ወረቀት ቀለል አድርጎ ፈትጎ፣ ለዚንክ የተሠራ ፕራይመር መቀባት ነው። እላዩ ላይ የውሃ ሳቲን ጥሩ ይይዛል።

ደረጃ 5፦ ማማሰል

ማደብዘዣውን ዱቄት አስታወሳችሁ? ጣሳው ሥር ተኝቷል። ሳታማስሉ ከላይ ብትጀምሩ የመጀመሪያው በር ግሎስ ይሆናል፣ የመጨረሻው ማት። ከአንድ ጣሳ ሁለት ዓይነት በር ይወጣል።

በጠፍጣፋ ዱላ ሥሩን እየፋቃችሁ፣ ከታች ወደ ላይ እያነሳችሁ፣ አምስት ደቂቃ ያህል አማስሉ። ጣሳውን መነቅነቅ አይተካውም፤ አረፋ ብቻ ያመጣል። ሁለት ጣሳ ካላችሁ በአንድ ባልዲ ቀላቅሏቸው። በየግማሽ ሰዓቱም ደግሞ ማማሰል አለ።

ማቅጠን ካስፈለገ መለያው ከሚፈቅደው አትለፉ፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ለውሃው ንጹሕ ውሃ፣ ለዘይቱ የሲንቴቲክ ቲነር። ናይትሮ ቲነር አይደለም። ናይትሮው ኃይለኛ ስለሆነ ከሥር ያለውን የድሮ ቀለም ያስነሳውና እንደ ተጨማደደ ፌስታል ያደርገዋል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም «ቲነር» ተብለው ስለሚሸጡ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። ቤንዚን ከጨመራችሁ ደግሞ ወዙንም ቤቱንም አደጋ ላይ ጣላችሁ።

ደረጃ 6፦ መቀባት

ለውሃ ቀለም የናይሎን ፀጉር ያለው ብሩሽ፣ ለዘይት የተፈጥሮ ፀጉር ያለው። የተፈጥሮ ፀጉር ውሃ ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል። ለመቃን 2 ኢንች፣ ለሰፊው 2 ኢንች ተኩል ወይም 3። ልሙጥ በር ከሆነ ትንሽ የስፖንጅ ሮለር ፈጣን ነው።

እጀታውንና ቁልፉን ንቀሉ። ቢቻል በሩን ከማጠፊያው አውርዳችሁ በሁለት ወንበር ላይ አጋድሙት፤ ተጋድሞ የተቀባ በር አይንጠባጠብም፣ በሁለት ጎን ለመሥራት ግን ቀን ይጨምራል። የመቃኑን ዳር በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱት። በሙቀቱ ቀናት ካስቀመጣችሁት ሙጫው ይጋገርና አይነሳም።

ባለ ሰሌዳ በር ሲሆን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጎድጎድ ያሉት ሰሌዳዎች፣ ቀጥሎ መሃል የቆመው እንጨት፣ ከዚያ አግዳሚዎቹ፣ በመጨረሻ በሁለት ዳር የቆሙት። እያንዳንዱን ቁራጭ ጨርሳችሁ እለፉ። ብሩሹን ሲሶውን ብቻ ንከሩ፣ በጣሳው ጎን መታ መታ አድርጉ፣ ወደ ጎን አዳርሱ፣ ከዚያ ባዶ ብሩሹን ከታች ወደ ላይ በቀስታ ጎትታችሁ አስተካክሉ። ያቺ የመጨረሻዋ ጉተታ ናት ወዙን አንድ የምታደርገው።

ከዚያ በኋላ አትንኩት። ይህ ከባዱ ክፍል ነው። ትንሽ ያልተሸፈነች ቦታ ታያላችሁ፣ እጃችሁ ይበላችኋል። እዚህ አየር ላይ የውሃ ሳቲን በሁለትና ሦስት ደቂቃ መያዝ ይጀምራል። ከዚያ ብሩሽ ቢመለስበት ያኝከዋል። ያቺን ቦታ ሁለተኛው እጅ ይሸፍናታል።

ፍርግርግ ላይ የውስጥ ማዕዘኖቹን መጀመሪያ፣ የፊቱን መጨረሻ ቀቡ። ቀለም በማዕዘኑ ላይ ተጠራቅሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ከጨረሳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ከሥር እዩት።

አንደኛው እጅ ሲደርቅ በ240 ቁጥር ወረቀት ዳሰስ ዳሰስ አድርጉት፣ አቧራውን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉና ሁለተኛውን ቀቡ። ሁለት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይበልጣል። ጥቁር ቀለምን በነጭ የምትለውጡ ከሆነ ሦስተኛ ይጠብቃችኋል።

ከተቀባ በኋላ

በሩ ሲነኩት ደርቋል ማለት ጠንክሯል ማለት አይደለም። ሌሊቱን ክፍት ይደር። የውሃ ሳቲን በሙቀት ቶሎ ከተዘጋ ከመቃኑ ጋር ይጣበቅና ሲከፈት ይላጣል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በኦሞ አትጠቡት፤ በደረቅ ጨርቅ ብቻ።

የዘይት ቀለም የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። እየደረቀ ራሱን ያሞቃል፣ ያለ ክብሪትም ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ቲነር በተከፈተበት ክፍል የዕጣን ማጨሻ፣ የከሰል ማንደጃ፣ ሲጋራ አይግባ። የቡናው ሥነ ሥርዓት ያን ቀን ጎረቤት ጋ ይሁን፤ ሰበብ ተገኘ ማለት ነው። የቲነር እጥቢ ደግሞ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አይደፋም። በጠርሙስ አስቀምጡት፤ ቀለሙ ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለውን ንጹሕ ቲነር ለሚቀጥለው ብሩሽ ማጠቢያ ታውሉታላችሁ።

የተረፈውን ቀለም በትልቁ ጣሳ ውስጥ አትተዉት፤ ባዶው አየር ያደርቀዋል። ልኩ በሆነ፣ ጥብቅ ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ገልብጡ፣ የየትኛው ክፍል እንደሆነና ቀኑን ጻፉበት፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ አኑሩ። የቆርቆሮ ማጀት ውስጥ የተቀመጠ የውሃ ቀለም አንድ በጋ አያልፍም።

በኋላ በሩ ሲቧጨር ያን ዕቃ ከፍታችሁ፣ አማስላችሁ፣ ጭረቷን ብቻ ነካ አታድርጓት። ሳቲን ላይ የተጠገነ ነጥብ በጎን ብርሃን ሁልጊዜ ይታወቃል። ጭረቷ ያለችበትን ሰሌዳ ወይም አግዳሚ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በ240 ፈትጋችሁ ያን ቁራጭ ብቻ ሙሉውን አንድ እጅ ቀቡት። ጠዋት።